ሽሮው ከየት መጣ? ከሦስተኛ ክፍል ጋር የዘራነው ሽምብራ

መስከረም 14

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የሦስተኛ ክፍል ልጆቼን ምሳ ዕቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ምሳችሁ ከየት መጣ?» አርባ ስድስቱም በአንድ ድምፅ «ከቤት!» አሉ። ቤት ከየት አገኘው? «ከሱቅ!» ሱቁስ? እዚህ ላይ ዝም ዝም ሆነ። አንዷ እጇን አወጣችና «ከመኪና» አለች።

መልሷ አልገረመኝም። ደጀን ያደገ ልጅ ከዓባይ በረሃ እያቃሰተ የሚወጣውን ከባድ መኪና፣ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ቁልቁል የሚወርደውን አይሱዙ ሲያይ ነው የሚውለው። ጆንያ ሲጫንና ሲራገፍ ያያል። ከጆንያው በፊት ያለውን አያይም። ከአስፋልቱ ትንሽ ወጣ ካሉ እኮ ዙሪያው ማሳ ነው። እንጀራቸው በሚበቅልበት አገር እየኖሩ ከየት እንደሚመጣ አለማወቃቸው ከነከነኝ።

ሰሌዳ ላይ ቆጠርን። ሽሮ 21፣ ድንች አልጫ 8፣ ማካሮኒ 6፣ ምስር 5፣ ዳቦ በሻይ 5። ድምሩ 45 መጣ። አንድ ልጅ ጎደለ።

የጎደለው የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ነው። ምሳ ዕቃውን አልከፈተም። ሌሎቹ መብላት ሲጀምሩ ዞር ብዬ አየሁት። ክዳኑን ገርበብ አድርጎ፣ በግራ እጁ ከልሎ ይጎርሳል። የማሽላ እንጀራ ነው። እናትና አባቱ ከታች ቆላው ውስጥ ናቸው፤ እሱ ለትምህርት ብሎ አክስቱ ቤት ይኖራል። ልጆቹ «ገጠሬ» እንደሚሉት አውቃለሁ። ምንም አላልኩም። ግን ማታ ቤት ገብቼም ያ ክዳን ከዓይኔ አልጠፋም።

መስከረም 16

ሽሮ በቆጠራው ስላሸነፈ፣ ከዘሩ ጀምረን ራሳችን የምንሠራው ሽሮ ሆነ። ሽሮ ከባቄላም ከአተርም ይሠራል። እኛ ሽምብራ መረጥን።

መጀመሪያ ያሰብኩት ጤፍ ነበር። ግን ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ መስከረም ሲመለሱ ጤፉ በቅሎ ይጠብቃቸዋል፤ ዘሩን ሳያዩት ያልፋል። ሽምብራ ግን ከትምህርት ቤት ካላንደር ጋር ልክክ ይላል። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘራል፣ መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል፣ ጥር ላይ ይደርሳል። ለዚህ ደግሞ የእኛ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ተመራጭ ነው። ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችውን ባዶ ቦታ ርዕሰ መምህሩ ፈቀዱልን። 6 ሜትር በ8 ሜትር ናት። ዛሬ ስናጸዳት ዋልን። የወጣው ፌስታልና የተሰበረ ጠርሙስ ሁለት ማዳበሪያ ሞላ።

መስከረም 20

በሬ ትምህርት ቤት ገባ!

አንድ የተማሪ አባት ናቸው ያመጡልን። ቦታዋን ሲያዩ «ይቺ እንኳ በሬ ለማዞርም አትበቃ፤ በዶማ ትጨርሷት ነበር» አሉ። ልክ ናቸው። ግን ልጆቹ ጥማድ በሬ ቀርበው እንዲያዩ ነው የፈለግሁት። ጥሩ አባት ናቸው፣ ገባቸው። በሬዎቹን አቁመው ዕቃውን አንድ በአንድ እያሳዩ ይጠይቁ ጀመር።

«ይህችስ ምን ትባላለች?» ብረቷን ነኩ። «ማረሻ!» ብዙዎቹ መለሱ። «ይሄስ?» ረጅሙን እንጨት ያዙ። ዝም። «ይሄ በሬዎቹ አንገት ላይ ያለው?» «ቀንበር!» እሱ ተገኘ። ወደ ረጅሙ እንጨት ተመለሱ። «ይሄ ማን ይባላል ታዲያ?» አሁንም ዝም። ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ «ሞፈር» አለ።

ዞር አልን። ያ ልጅ ነው።

«ና እስቲ ወዲህ» አሉት። ሰብሰብ ያሉትን ልጆች አልፎ መጣ። አጠያየቃቸውን ሳይጠብቅ እየነካ ይጠራው ጀመር። የሚያዘው ይሄ እርፍ። በጎንና በጎን ያሉት እነዚህ ድግር። ማረሻውን የሚይዘው ቀለበት ወገል። ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ጠፍር ምራን። በሬው አንገት ግራና ቀኝ የሚገቡት ማነቆ። ድምፁ መጀመሪያ አይሰማም ነበር። ማነቆ ላይ ሲደርስ ግን በደንብ ይሰማ ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የአባቱንና የአገሩን ስም ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና እጁን ይዘው እርፉ ላይ አኖሩት። የራሳቸውን እጅ ከላይ ደረቡበት። ጅራፉን አልሰጡትም፤ በአፋቸው ብቻ በሬዎቹን አንቀሳቀሱ። አፈሩ እየተገለበጠ ሲሄድ የሦስተኛ ክፍል ብቻ ሳይሆን የግቢው ልጅ ሁሉ ጮኸ። ትልሙ ጠማማ ነበር። አላቃኑትም። «የመጀመሪያው እንዲህ ነው» አሉ።

በማግስቱም «ገጠሬ» ያለው ልጅ ነበር፤ ጠርቼ አነጋገርኩት። ግን ሁለት ልጆች ቦርሳቸውን ይዘው መጨረሻው ወንበር ሄደው ተቀመጡ። በሬ ይራገጣል ወይ ብለው ሊጠይቁት።

መስከረም 24

ዘራን። አንድ ሙሉ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ በልቶብናል፤ አይቆጨኝም።

በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሳንቲሜትር፣ በፍሬና በፍሬ መካከል 10 ሳንቲሜትር ይሁን ተባባልን። ሲባጎ ላይ በየ10 ሳንቲሜትሩ ቋጠሮ አሰርንበት። ስንት መስመር ይወጣል? 26። በአንድ መስመር ስንት ፍሬ? 60። ጠቅላላው 1,560 ፍሬ። ለ46 ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 33 ይደርሰዋል፤ 42 ይተርፋል። የተረፈውን ሳይበቅል ለሚቀር ቦታ መተኪያ አስቀመጥነው። ማካፈል አልገባ ይለው የነበረ ልጅ ዛሬ 33ቱን ፍሬ መዳፉ ላይ ይዞ ደጋግሞ ሲቆጥር አየሁት። የራሱ ድርሻ እንዳይጎድል ነው።

ዘሩ ትንሹና ቡናማው ያገራችን ሽምብራ ነው። ትልቁንና ነጣ ያለውንም ለማነጻጸር ትንሽ ይዤ ነበር። ልጆቹ ትልቁ ይሻላል ብለው ነበር፤ ጥማዱን ያመጡልን አባት ግን ለዚህች ቁራጭ የለመደችውን ስጧት ብለውናል።

ከክፍል ውስጥ ደግሞ ሁለት ብርጭቆ መስኮት ላይ አስቀመጥን። በአንዱ ቦሎቄ፣ በአንዱ ሽምብራ፣ ከእርጥብ ጨርቅ ጋር። መሬት ውስጥ የሚሆነውን በዓይናቸው እንዲያዩት።

ጥቅምት 3

በቀለ። ጠዋት ደወል ሳይደወል ግማሹ ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነበር። በየመስመሩ ጫፉ ጎንበስ ያለ አረንጓዴ ክር መሳይ ነገር ወጥቷል።

መስኮቱ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። ቦሎቄው ፍሬውን ለሁለት ከፍሎ ተሸክሞት ወደ ላይ ወጣ። ሽምብራው ፍሬውን እታች ትቶ ቡቃያውን ብቻ ላከ። ይህን እኔም በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። አንዷ ልጅ «ቦሎቄው ስንቁን ይዞ ነው የወጣው» አለች። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ጥቅምት 15

ዛሬ የከፋ ቀን ነው።

ሦስት መስመር ቢጫ ሆኖ ጠውልጓል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ትል መሰለኝ፤ የለም። አንዱን ነቀልኩት። ሥሩ ጠቁሮ ይልፈሰፈሳል። አፈሩን ስነካው ጭቃ ነው። ዝናብ ከቆመ ስንት ቀኑ!

ሁለት ሴት ልጆች እያለቀሱ መጡ። ለካ በየዕረፍቱ በሃይላንድ ውሃ እያመጡ ያጠጡት ነበር። «እንዳይጠማው ብለን ነው ቲቸር» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽምብራ ዝናብ አይፈልግም ብያለሁ እንጂ ውሃ ይጎዳዋል አላልኩም። ልጅ ደግሞ የወደደውን ያጠጣል።

ሁሉንም ጠርቼ አንድ ደህና ተክልና አንድ የታመመውን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የደህናው ሥር ረጅምና ነጭ ነው፤ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ወርዷል። ዋልካ ውሃ ሲበዛበት አየር ያጣል፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ሁለቱ ልጆች 42ቱን መተኪያ ፍሬ ራሳቸው እንዲተክሉት ሰጠኋቸው። ዘግይቷል፣ ይበቅል እንደሆነ እናያለን። እነሱ ግን ዛሬ እያለቀሱ ወደ ቤት መሄድ አልነበረባቸውም።

ጥቅምት 22

ስለ በርበሬ አንድ ነገር ተናገርኩና ክፍሉ ተበጠበጠ።

ሽሮ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ እየዘረዘርን ከየት እንደሚመጣ እንጽፋለን። በርበሬ ላይ ደረስን። ከቡሬ በኩል፣ ከምዕራብ ጎጃም በብዛት እንደሚመጣ ተነጋገርን። ከዚያ «ከዚያ በፊትስ?» አለኝ አንዱ። አሁን ጥያቄውን ለምደውታል፤ ሁሉን ነገር «ከዚያ በፊትስ?» ይላሉ። በርበሬ በመጀመሪያ የአሜሪካ አህጉር ተክል እንደሆነ፣ ወደ እኛ የመጣው ባሕር ተሻግሮ እንደሆነ ነገርኳቸው። በቆሎም ድንችም እንደዚያው። ሽምብራ ራሱ መጀመሪያ የለመደው ቱርክ አካባቢ ነው። ጤፍ ግን የዚሁ የአገራችን ነው።

«ታዲያ ድሮ ወጥ ሁሉ አልጫ ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ ምን ይመለሳል? ቀይ ወጥ ያለ በርበሬ ምን እንደሚመስል ሠላሳ ደቂቃ ተከራከሩ። አላቋረጥኳቸውም።

ጨው ላይ ደግሞ ሁሉም «ከሱቅ» አሉ፤ እዚህ ከባድ ነው። የአፋርን ካርታ አውጥቼ የአፍዴራን ሐይቅ አሳየኋቸው። ውሃው በፀሐይ ደርቆ ጨው እንደሚቀር፣ ሱቃችን ያለው ጨው ከዚያ እንደሚመጣ። ማታ አንዲት እናት ስልክ ደውለው «ልጄ የቤቱን ጨው በውሃ በጥብጣ ሳህን ላይ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች፣ ይደርቃል ትላለች» አሉኝ። ደርቋል፤ በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ክፍል ይዛው መጣች።

ኅዳር 7

አበባ አወጣ። ወይን ጠጅ መሳይ፣ የጥፍር ታህል። መሬቱ እየተሰነጠቀ ነው። አንዱ ልጅ 30 ሳንቲሜትር ማስመሪያውን ስንጥቁ ውስጥ ከተተው፤ ጫፉ ብቻ ቀረ።

ዛሬ ሁለት ነገር አየን። የመጀመሪያውን ጠዋት በጤዛ። ቅጠሉን በጣታችሁ ነክታችሁ ጣታችሁን ቅመሱ አልኳቸው። ዓይናቸው ጭፍን አለ። ይኮመጥጣል! የሽምብራ ቅጠል ላይ ያለው ስስ ጸጉር አሲድ ያመነጫል፤ እንደ ሎሚ ይቆነጥጣል። ያ የመጨረሻ ወንበር ልጅ አልቀመሰም። «አውቀዋለሁ» አለ፤ ሽምብራ ማሳ ውስጥ በባዶ እግር ሲሄድ ቁስል እንደሚያቃጥል ነገረን። ይህን መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም።

ሁለተኛውን ከሥሩ። አንድ ተክል በዶማ ዙሪያውን ቆፍረን ቀስ ብለን አወጣን፣ በባልዲ ውሃ አጠብነው። ሥሩ ላይ እንደ ትንንሽ ዶቃ የተለጠፈ እባጭ አለ። «በሽታ ነው!» አሉ። ከጥቅምቱ ነገር በኋላ ሥር ሲያዩ ይፈራሉ። አንዱን እባጭ በጥፍሬ ለሁለት ከፈልኩትና በመዳፌ ይዤ አዞርኩላቸው። ውስጡ ቀላ ብሏል።

«ደም አለው» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

ከደም ብዙም አልራቀችም። ቅላቱ ከእኛ ደም ቅላት ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። እባጩ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል፤ ተክሉ ደግሞ ስኳር ይሰጣቸዋል። ማዳበሪያ በጆንያ ስንት ብር እንደሚሸጥ ከወላጆቻቸው የሚሰሙ ልጆች ናቸው። ሽምብራ የራሱን ማዳበሪያ ሥሩ ላይ ተሸክሞ እንደሚዞር ሲሰሙ ተያዩ። ገበሬው ከሽምብራ በኋላ ጤፍ መዝራት የሚወደው ለዚህ ነው። «መሬቱን ያሳርፈዋል» ይላሉ እዚህ አገር፤ እባጩን ሳያዩ ነው ነገሩን የደረሱበት።

ኅዳር 20

ጤፍ አጨዳ። ጥማዱን ያመጡልን አባት ማሳ ሄድን። አርባ ደቂቃ በእግር ነው፤ በሦስተኛ ክፍል እግር ከአንድ ሰዓት በላይ።

ማሳው ብስል ነው፣ ነፋስ ሲመጣ እንደ ውሃ ይተኛና ይነሳል። አጫጆቹ ቁጢጥ ብለው ተደርድረው ይሄዳሉ። ወንፈል ነው፤ ዛሬ የእሳቸውን፣ ነገ የጎረቤታቸውን። ማጭዱን ለልጆቹ አልሰጠሁም። አባት እየያዙላቸው እያንዳንዱ አንድ አንድ ጭብጥ አጨደ። ያችን ጭብጥ ክምር አጠገብ ተቀምጠው በመዳፋቸው አሹት፣ እፍ አሉት። እፍ ባሉ ቁጥር ግማሹ ጤፍ ከእብቁ ጋር በረረ። የአርባ ስድስት ልጅ ጭብጥ ተጠራቅሞ ሁለት የቡና ሲኒ አልሞላም።

«አባባ፣ ይሄ ስንት እንጀራ ይሆናል?» አላቸው አንዱ።

«ይሄማ አንዱንም አይሞላ ልጄ» አሉ። ከዚያ ነገሯቸው። ለጤፍ መሬቱ አራቴ አምስቴ ይታረሳል። በሐምሌ ዝናብ ከብት ተነድቶ ይረገጣል፣ ዘሩ ከላይ ይበተናል። አረሙ ለብቻው ሥራ ነው፤ ልጅ ዐዋቂ ሳይባል ቤተሰብ ሁሉ ጎንበስ ብሎ በእጅ ይነቅላል። ከዚያ አጨዳ፣ ክምር፣ አውድማ፣ በከብት ማበራየት፣ በመንሽ ማዝራት። ልጆቹ ሲሰሙ አልተንጫጩም። ሲኒዎቹን አንዷ ልጅ ናፕኪን ሸፍና፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ከተማ ተመለሰች። አንድ ፍሬ አልደፋችም።

ኅዳር 25

ከወርቅ ቤት የምትመዝን ትንሽ ሚዛን ተውሼ ከዚያው ከሲኒው ጤፍ አንድ ግራም መዘንኩ። ለአሥር ቡድን ተከፋፍለው በነጭ ወረቀት ላይ በመርፌ ጫፍ እየገፉ ቆጠሩት። ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀ። አንዱ ልጅ አስነጥሶ የቡድኑን ሥራ ከመጀመሪያ አስጀመረ። ድምሩ 2,900 ከምናምን መጣ።

ከዚያ ሒሳብ። እኛ ቤት ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስድስት ሰባት እንጀራ ይወጣል። ለአንድ እንጀራ 150 ግራም እንበል። 150 ጊዜ 2,900 ስንት ነው? 435,000። ልጆቹ ይህን ቁጥር ማንበብ ራሱ ከበዳቸው። «አራት መቶ ሠላሳ አምስት ሺህ» ብለን በአንድ ላይ አነበብነው። በአንድ እንጀራ ውስጥ። ደጀን ውስጥ ስንት ቤት እንጀራ አለ ብለው ሊያባዙ የጀመሩ ልጆች ነበሩ፤ ደወል ተደወለ።

ታኅሣሥ 6

ፍየል ገባች። በአጥሩ ቀዳዳ። ሁለት መስመር እስከ ሥሩ በልታለች። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 18

እሸት ደርሷል፤ አረንጓዴ ትልም አብሮ። ትሉ እሸቱን በስቶ ጭንቅላቱን ውስጥ ከትቶ ነው የሚበላው፣ ጀርባው ውጭ ይቀራል። በጠዋትና በማታ ተራ ወጥተው በእጃቸው ይለቅማሉ። ትል እነካለሁ ብሎ የሚጮህ የለም አሁን።

እሸቱም እየጎደለ ነው። የየመስመሩ ዳር ዳሩ ባዶ ልጣጭ ብቻ ሆኗል። ማን እንደሚበላው መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሁሉም ኪስ አረንጓዴ ነው። ሌላ አስተማሪ «ቅጣት ካልተሰጠ ምርት አታገኙም» አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልቀጣም። የጎጃም ልጅ ሆኖ ከማሳ ዳር እሸት ሸምጥጦ ሳይበላ ማደግ ይኖርበታል? ከዛፍ ወይ ከአፈር ቀጥታ አፉ የገባ ነገር ከማስተምረው ሁሉ በላይ ይቀርለታል። ለሁሉም ግን ገደብ አወጣን፤ በቀን ለአንድ ልጅ አምስት እሸት። አምስቷን እየቆጠሩ ይበላሉ።

ዘግይተው የተተከሉት 42ቱስ? 19 በቅለዋል። አጫጭር ናቸው። ሁለቱ ሴት ልጆች ግን ከነሱ እሸት አይበሉም፤ ከሌላው መስመር ነው አምስታቸውን የሚወስዱት።

ጥር 22

ነቀልን። ሽምብራ አይታጨድም፣ ይነቀላል። ጠዋት በጤዛ ካልሆነ ፍሬው ይረግፋል ስለተባልን ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ግቢ ነበርን። የመጨረሻ ወንበሩ ልጅ አሁን ሁለተኛ ወንበር ነው የሚቀመጠው። ማን አለቃ እንዳደረገው አላውቅም፤ «ሥሩን ተዉት፣ አፈር ውስጥ ይቅር» እያለ ያዝዛል። ሲነቀል ሥሩ አብሮ እንዳይወጣ አንዳንዱን በማጭድ ቆረጥንለት። እባጩ ለመሬቱ ይቅር ነው ሐሳቡ። በኅዳር ያየውን አልረሳም።

ጆንያ ላይ ዘርግተን በዱላ ወቃነው። ከዚያ የሰፌዱ ሥራ መጣ። እኔ ሳበጥር ፍሬውም ገለባውም አብሮ ይፈሳል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛችን ሰፌዱን ከእጄ ወሰዱና ሁለት ሦስቴ ወደ ላይ ከፍ ዝቅ አደረጉት። ገለባው ብቻውን ከፊት ለፊት በረረ። ፍሬው ሰፌዱ ላይ እንደ ዝናብ ይንሾካሾካል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በየቀኑ መተላለፊያውን ሲጠርጉ የሚያዩዋቸው ሴት ናቸው። ነገ ሰፌድ እንዲያስተምሩ ጠየቅኳቸው፤ እሺ አሉ።

ምርታችን 3 ኪሎ ከሩብ። ሦስት መስመር ውሃ፣ ሁለት መስመር ፍየል፣ ስንቱን ደግሞ ኪስ ወስዶት።

ሚዛን ላይ እያለ ክርክር ተነሳ። ሁሉም ዛሬውኑ ሽሮ ይሁን ይላል። ያ ልጅ ተቃወመ። «ዘሩ መጀመሪያ ይውጣ» አለ። ለሚመጣው ዓመት የሚሆነው ሳይነካ አስቀድሞ እንደሚለይ፣ እናቱ ዘር ያለበትን ቅል በረሃብ ዓመት እንኳ እንደማትከፍት ተናገረ። አንድም ልጅ አልተከራከረም። ትልልቁንና ደህናውን እየመረጡ ግማሽ ኪሎ ለዩ። ቋጥረን የክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው።

የካቲት 4

አራት እናቶች መጡ። ሽምብራው በሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ ደርቆ ነበር። ዛሬ ታመሰ። ሽታው ቢሮ ድረስ ሄዶ አስተማሪዎቹን ጎትቶ አመጣ። ከዚያ ተከካ፣ ልጣጩ ተበጠረ። ልጆቹ ሰፌድ ተራ በተራ ያዙ፤ ከአርባ ስድስቱ ቻሉ የምላቸው ሦስት ናቸው። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ በርበሬ፣ ጨው። እናቶቹ መጠኑ ላይ አልተስማሙም። የአንዷ እጅ በርበሬ ይወዳል፣ ሌላዋ «ለልጅ ነው እኮ!» ትላለች። ልጆቹ እያንዳንዱ ቅመም ሲገባ አገሩን ይጠሩለታል። በርበሬ ሲገባ «ቡሬ!»፣ ጨው ሲገባ «አፋር!»።

ወፍጮ ቤት አብረን ሄድን። ጫጫታው ጆሮ ይደፍናል፣ ቀበቶው ይሽከረከራል፣ ፈጪው ከራስ ጸጉሩ እስከ ቅንድቡ ነጭ ነው። ዱቄቱ ገና ከወፍጮው ሲወጣ ትኩስ ነው። ሁሉም እጃቸውን አስነካኋቸው። አርባ ስድስት እጅ ስለሆነ ሌላ ደንበኛ ብዙ ጠብቋል፤ አንድም ያጉረመረመ አልነበረም።

የካቲት 11

ጾም ገብቷል፤ ሽሮው በዘይት ብቻ ተሠራ። በትምህርት ቤቱ ትልቅ ብረት ድስት፣ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር። እንጀራውን እያንዳንዱ ከቤቱ አመጣ።

ሲያመጡ አየሁ። ነጭ አለ፣ ሠርገኛ አለ፣ ከበቆሎ የተቀላቀለ አለ። አንዱ ሳህን ላይ የማሽላ እንጀራ አለ። ክዳን የለውም። መሐል ላይ ነው የተቀመጠው። የአጠገቡ ልጅ ከጫፉ ቆርሳ ሽሮው ውስጥ ነከረችና «ይሄ ከየት መጣ?» አለችው። አፉ ሞልቶ ስለነበር በእጁ ወደ ዓባይ በኩል አሳያት።

ከተረፈው ደረቅ ሽሮ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሲኒ በወረቀት ጠቅልለን ወደ ቤት ላክን።

ለሚቀጥለው የቀረኝ ሥራ። የፍየሏን ቀዳዳ መድፈን። ወርቅ ቤቱን ሚዛን መመለስ፤ እስካሁን እኔ ጋር ነው። ሐምሌ ላይ ጤፍ ለመዝራት ከግቢው አቅራቢያ የሚኖሩ 15 ልጆች ወላጆቻቸው ክረምቱን እንዲመጡ ፈቅደዋል፤ መሬቷ አራቴ መታረስ ስላለባት ጥማዱን ያመጡልንን አባት ነገ አነጋግራለሁ። የጤፉን ዘር ያ ልጅ ለፋሲካ አገሩ ሲወርድ ከአባቱ አመጣለሁ ብሏል። ስንት እንደሚበቃን ጠየቀኝ። ለ48 ካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ ይበቃል አልኩት። መዳፉን ዘርግቶ አየው፣ ከዚያ የእኔን አየ። «በማን እፍኝ?» አለኝ።